የተበከለ መሬትን የማጽዳት ሥልጠና በአሜሪካ የቀድሞ የፋብሪካ ሰፈሮች

በአሜሪካ ከተሞች ፋብሪካ የተዘጋበት፣ የነዳጅ ማደያ የተነሣበት ወይም ላውንደሪ ለቅቆት የሄደ መሬት ለዓመታት ታጥሮ ጦም ሲያድር ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ይዞታ ብራውንፊልድ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ በሰጠው ፍቺ መሠረት፣ አደገኛ ንጥረ ነገር በመገኘቱ ወይም ይገኝበታል ተብሎ በመጠርጠሩ ምክንያት መልሶ ለማልማት፣ ለማስፋፋት ወይም ለመጠቀም አዳጋች የሆነ መሬት ማለት ነው። ጥርጣሬው ብቻ የሚበቃ በመሆኑ ቁጥሩ ብዙ ሲሆን፣ የሀገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ450,000 በላይ እንደሚሆን ይገምታል። በእነዚህ ቦታዎች ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ሠልጥነው በጽዳቱ ሥራ እንዲሰማሩ የሚያግዘው የብራውንፊልድ የሥራ ሥልጠና መርሐ ግብር በገንዘብ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በአሠራሩ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

መሬቱ ለምን ጦም እንደሚያድር ለመረዳት ወደ 1980 መመለስ ያስፈልጋል። በኒው ዮርክ ግዛት፣ በናያግራ ፎልስ ከተማ፣ ላቭ ካናል በተባለ ሰፈር ከ1942 እስከ 1953 የተቀበረ 20,000 ቶን ገደማ የኬሚካል ቆሻሻ በ1978 ነዋሪዎችን ከቤታቸው ካፈናቀለ በኋላ፣ ኮንግረሱ ሱፐርፈንድ በሚል ስም የታወቀውን ሕግ አወጣ። ሕጉ የጽዳቱን ወጪ ብክለቱን ባደረሰው ወገን ላይ ብቻ ሳይሆን መሬቱን በያዘው ባለንብረት ላይም ስለጫነ፣ የቀድሞ ፋብሪካ መሬት የገዛ ሰው እርሱ ባልጣለው መርዝ ባለዕዳ ሊሆን ይችል ነበር፤ በዚህም የተነሣ ገዢውም አበዳሪውም ባንክ ሸሸ። የ2002ቱ ሕግ ግን ከግዢው በፊት የመሬቱን ታሪክ በደንቡ መሠረት ያስመረመረና ሌሎች ግዴታዎችን የጠበቀ ገዢ ከዕዳው እንዲጠበቅ በመፍቀዱ ለጽዳትና ለልማት በር ከፈተ።

ከዚህ ሕግ በፊትም ቢሆን የጽዳት ሥራ በመጣበት ቦታ ሌላ ቅሬታ አብሮት ይመጣ ነበር። ጨረታውን የሚያሸንፉት ተቋራጮች የምስክር ወረቀት ያላቸውን ሠራተኞች ከሩቅ ከተማ ይዘው ሲመጡ፣ የፋብሪካውን ጭስ ሲተነፍስ የኖረውና ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራውን ያጣው ነዋሪ ቆሞ ከማየት ያለፈ ድርሻ አልነበረውም። ኤጀንሲው በ1998 የጀመረው የሥልጠና ድጎማ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። ገንዘቡ ለግለሰብ ሳይሆን ለከተማ አስተዳደሮች፣ ለኮሌጆች፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መስተዳድሮችና ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶች በውድድር ይሰጣል። የአንዱ ድጎማ ጣሪያ 200,000 ዶላር የነበረ ሲሆን፣ የ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ ለብራውንፊልድ ሥራዎች 1.5 ቢሊዮን ዶላር ከመደበ በኋላ ወደ 500,000 ዶላር ከፍ ብሏል። አመልካቹ ድርጅት የአካባቢው ቀጣሪዎች ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሚፈልጉ አስቀድሞ አጥንቶ ማሳየት ይጠበቅበታል።

የሥልጠናው መሠረት ሃዝዎፐር በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአደገኛ ቆሻሻ ሥራ ትምህርት ነው። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ደንብ እንደሚያዘው፣ በተበከለ ቦታ ዘወትር የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የ40 ሰዓት ትምህርት መውሰድና ከዚያም ልምድ ባለው ተቆጣጣሪ ሥር 3 ቀን በመስክ መሥራት አለበት፤ ይህን ያላሟላ ሰው ጉልበቱ ምንም ቢበረታ ወደ ሥራው አይገባም። የመርሐ ግብሩ ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው፤ ለሥራ አጦች የሚሰጡ ሌሎች ሥልጠናዎች ብዙ ጊዜ ቀጣሪ የማይጠይቀውን ወረቀት ሲያድሉ፣ ይህኛው ሕግ ራሱ የሚጠይቀውን ያስይዛል። በዚህ ላይ አስቤስቶስ የማንሣት የ32 ሰዓት ትምህርትና እርሳስ ያለበትን ቀለም የማስወገድ ቢያንስ የ16 ሰዓት ትምህርት ሊታከሉበት ይችላሉ። አስቤስቶስ እሳት የማይበግረው ማዕድን ሲሆን፣ ሲሰባበር ግን በዓይን የማይታየው ክሩ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዐሥርት ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ በመኖሪያ ቤት ቀለም ውስጥ እንዳይገባ በ1978 እስኪከለከል ድረስ ብዙ ግድግዳ የተቀባበት፣ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ብረት ነው።

ትምህርቱ በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ሠልጣኙ የመተንፈሻ ጭንብሉን አጥልቆ በላስቲክ ከለላ ውስጥ ሲቆም ሙዝ ሙዝ የሚሸት ኬሚካል ሊለቀቅበት ይችላል፤ ሽታው ከደረሰው ጭንብሉ ፊቱ ላይ አልገጠመም ማለት ነው። ጢም ይህን መግጠም ስለሚከለክል መላጨት ግድ ይሆናል። የመከላከያ ልብሶቹ ከኤ እስከ ዲ አራት ደረጃዎች አሏቸው፤ ኤ መላ አካልን ጋዝ በማያስገባ ልብስ ሸፍኖ አየሩን ከሲሊንደር የሚያቀርብ ሲሆን፣ ዲ ከተራ የሥራ ልብስ፣ ከቦት ጫማና ከሄልሜት ብዙም አያልፍም። ይሁን እንጂ ከፍተኛው ደረጃ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም፤ የተዘጋ ልብስ ሙቀት ስለሚያምቅ በበጋ ሠራተኛውን ከመርዙ በፊት ሙቀቱ ሊጥለው ይችላል።

ወደ ነዳጅ ታንከር ወይም ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ከመግባት በፊት አየሩን መለካት የራሱ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ በመጨረሻም መርዛማ ጋዝ ይለካል፤ አብዛኛው የተቀጣጣይ ጋዝ መለኪያ ለመሥራት ራሱ ኦክስጅን ስለሚፈልግ፣ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ መሣሪያው አደጋ ባለበት ደኅና ነው ብሎ ሊያሳስት ይችላል። በተለመደው አየር ውስጥ 20.9 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከወረደ፣ አየር የሚያቀርብ መሣሪያ ሳይዙ መግባት ክልክል ነው። የአፈር ናሙና ሲወሰድም ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር ሰጪና ተቀባይ የሚፈርሙበት የርክክብ ሰነድ አብሮት ይሄዳል፤ ፊርማ የጎደለው ናሙና ማስረጃነቱ አጠራጣሪ ስለሚሆን፣ ሠልጣኙ ከአካፋው እኩል እስክሪብቶውንም በጥንቃቄ መያዝ ይማራል።

አሠራሩ በተግባር ከታየባቸው ከተሞች አንዷ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር የምትገኘው ሪችመንድ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የካይዘር መርከብ ግንባታ ጣቢያዎች 747 መርከቦች የሠሩባት፣ ከ1902 ጀምሮ የነዳጅ ማጣሪያ ያላት፣ አሲድና የተባይ ማጥፊያ ይመረትበት የነበረ የባሕር ዳር መሬትም የወረሰች ከተማ ናት። አስተዳደሯ በ2007 ሪችመንድ ቢልድ የተባለውን ማሠልጠኛ ያቋቋመው ድህነትንና የበረታውን የኃይል ወንጀል ለመቀነስ ሲሆን፣ ከአናጢነትና ከሶላር ተከላ ጎን የአደገኛ ቆሻሻ ትምህርት በኤጀንሲው ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። ሙያዎቹን አጣምሮ መስጠቱ አስተዋይነት ነው፤ ጽዳት ቦታው ሲጠራ የሚያበቃ ሥራ በመሆኑ፣ አንድ ሙያ ብቻ የያዘ ሠራተኛ በሁለት ኮንትራቶች መካከል ደመወዝ ያጣል።

መርሐ ግብሩ ድካምም አለው። ከ1998 ወዲህ ሥልጠናውን ከጨረሱት ከ20,000 በላይ ሰዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሥራ ቢያገኙም፣ ሥልጠናው ነዋሪውን ለሥራ ብቁ ያደርገዋል እንጂ የገዛ ሰፈሩን አፈር እርሱ እንደሚያጸዳ ዋስትና አይሰጠውም፤ ቀጣሪው ተቋራጭ ነውና። ከተሞች የጽዳት ኮንትራት ሲሰጡ የአካባቢ ሰው የመቅጠር ግዴታ ካላስገቡበት በቀር የ1998ቱ ቅሬታ በከፊል እንዳለ ይቀራል። የምስክር ወረቀቱም አንዴ ተይዞ የሚቀር አይደለም፤ ደንቡ በየዓመቱ የ8 ሰዓት ማደሻ ትምህርት ይጠይቃል።