የሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎችን በማኅበር ማደራጀት፤ ለአንጋጫና ለመሰል ከተሞች

በከምባታ ዞን በአምበርቾ ተራራ አካባቢ የሚገኘው የአንጋጫ ወረዳ ደጋማ የአየር ጠባይ ያለው ሲሆን፣ ነዋሪው እንሰት፣ ድንች፣ ስንዴና ገብስ በማምረት ይተዳደራል። የሕዝቡ አሰፋፈር ጥቅጥቅ ያለ፣ የቀበሌዎቹ መንገድም በአብዛኛው ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት በመሆኑ፣ ከከተማ ወደ ገጠር ለሚደረግ ጉዞ ሞተር ሳይክል ተመራጭ ሆኖ ይገኛል።

በ2003 ዓ.ም የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ እርስ በርስና ከዋና መንገዶች ጋር የማገናኘት ዓላማ ይዞ መነሳቱ ይታወቃል። አውቶቡስና ሚኒባስ በማይደርሱባቸው በእነዚህ ጠባብ መንገዶች ላይ ሞተር ሳይክል ሰውንም ዕቃንም ያመላልሳል። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛውና ነጋዴው ይገለገሉበታል፤ ሥራ ፈላጊው ወጣትም የዕለት ገቢውን ያገኝበታል።

ይሁን እንጂ አገልግሎቱ በተናጠልና ያለ አደረጃጀት ሲሰጥ የሚያስከትለው ችግር ቀላል አይደለም። መንጃ ፈቃድ የሌለው አሽከርካሪ፣ ዓመታዊ ምርመራ ያላደረገና ቦሎ ያልለጠፈ ሞተር፣ ከአንድ በላይ ሰው አፈናጥጦ መጓዝ፣ የራስ መከላከያ ቁር ወይም ሄልሜት አለማድረግ በየትናንሽ ከተሞቹ የተለመዱ ናቸው። አደጋ ሲደርስም ጉዳቱ በአሽከርካሪው ብቻ ሳይወሰን ለተሳፋሪው፣ ለእግረኛውና ለቤተሰቡ ይተርፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ሄልሜትን በአግባቡ ማድረግ ለሞት የመዳረግን ዕድል በ40 በመቶ ገደማ፣ ከባድ የራስ ቅል ጉዳትን ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ ድርጅቱ አመልክቷል። አንድ ሰው ብቻውን ቸል ሊለው የሚችለውን ይህን ጥንቃቄ ማኅበር የአባልነት ግዴታ ሊያደርገው ይችላል።

አስተዳደሮች ችግሩን በእገዳ ወይም በማደራጀት ለመፍታት ሊነሱ ይችላሉ። በ2011 ዓ.ም የክረምት መግቢያ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሞተር ሳይክሎች ለዝርፊያና ለሌሎች ወንጀሎች መፈጸሚያ እየዋሉ መሆናቸውን በመግለጽ፣ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ማገዱ ይታወሳል። ውሳኔው በሕግ አግባብ ይሠሩ የነበሩትን ጭምር ነክቷል። በታወቀ ማኅበር ያልተሰባሰበ አሽከርካሪ ማንነቱ ስለማይለይ፣ ጥቂቶች በሚፈጽሙት ጥፋት ሁሉም ሊጠየቅ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሌላ የትራንስፖርት አማራጭ በሌለባቸው የአንጋጫ ቀበሌዎች ተመሳሳይ እገዳ ቢደረግ የሚጎዳው ከአሽከርካሪው ይልቅ ተገልጋዩ ሕዝብ ይሆናል።

የሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎች መደራጀት የጀመሩት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የዮንከርስ ሞተር ሳይክል ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1903 ሲሆን፣ ዛሬ የዓለም የሞተር ሳይክል ስፖርትን የሚመራው ፌዴሬሽን መነሻ የሆነው ተቋምም በቀጣዩ ዓመት በፓሪስ ተቋቁሟል። እነዚህ ክለቦች በዋነኛነት የስፖርትና የመዝናኛ ዓላማ የነበራቸው ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካ የተስፋፉት ማኅበራት ግን የዕለት ጉርስ ፍለጋን መሠረት ያደረጉ ናቸው።

በዚህ ረገድ ሩዋንዳ ትጠቀሳለች። በመዲናዋ በኪጋሊ የሞተር ታክሲ አሽከርካሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ መለያ ሰደርያ ለብሰው፣ ለተሳፋሪው ጭምር ሄልሜት ይዘው ይሠራሉ። ሆኖም አባላቱ የሚከፍሉት መዋጮ በዝቷል፤ ገንዘቡም የት እንደሚውል አይታወቅም የሚል ቅሬታ በማቅረባቸው፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የማኅበራቱን ቁጥር በመቀነስ እንደገና አዋቅሯቸዋል። ማደራጀት ብቻውን በቂ እንዳልሆነና የገንዘብ አያያዝ ግልጽነት የማኅበር ህልውና መሆኑን ይህ ተሞክሮ ያሳያል።

በአገራችን የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ተረጋግጧል። መሥራቾች በቅድሚያ መመለስ ያለባቸው ጥያቄ ግን የሚመሠርቱት አካል ለምን ዓላማ እንደሚቋቋም ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማኅበርን ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ውጪ ላለ ዓላማ የሚደረግ ስብስብ አድርጎ ይተረጉመዋል። የመንገድ ደኅንነት ትምህርት መስጠት፣ በአደጋ ጊዜ መረዳዳት ወይም ስፖርት ዓላማው የሆነ ክለብ በዚህ ትርጉም ውስጥ ይወድቃል።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበርን በአምስት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ አባላት የሚቋቋምና ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ ወሳኝ አካል የሆነለት ድርጅት አድርጎ ደንግጓል። አዋጁ ከአገር በቀል ድርጅቶች መካከል ተፈጻሚ የሚሆነው ከአንድ በላይ በሆኑ ክልሎች ለሚሠሩና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ለሚንቀሳቀሱት በመሆኑ፣ በአንጋጫ ብቻ የሚሠራ ክለብ ጉዳይ በክልሉ ሕግና ተቋማት ይታያል።

አሽከርካሪዎቹ ተሳፋሪ በማመላለስ ገቢ ለማግኘት የሚሰባሰቡ ከሆነ ግን ተገቢው መንገድ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ወይም በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት አሠራር መደራጀት ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነት በፈቃደኝነት የሚገኝ ሲሆን፣ የገንዘብ ድርሻው ምንም ያህል ቢሆን እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ብቻ ይኖረዋል። ሁለቱን ዓላማዎች ሳይለዩ በአንድ ደንብ መቀላቀል በግብር፣ በፈቃድና በተጠያቂነት ላይ ውዝግብ ማስከተሉ አይቀርም።

የቀድሞው የደቡብ ክልል ፈርሶ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም መመሥረቱና የከምባታ ዞንም በአዲሱ ክልል መካተቱ፣ የመዋቅር ለውጥ ማምጣቱ ልብ ሊባል ይገባል። ስለሆነም አደራጅ ጽሕፈት ቤቶች ቀደም ሲል በነበረው ክልል ስም የተሰጡ የምዝገባ ሰነዶች ያሏቸውን ማኅበራት ለይተው ማስተናገድ፣ አዲስ ለሚመሠረቱትም ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡበትን ቢሮ በግልጽ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።

ለምሥረታው መሥራቾች ተሰብስበው ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፤ መተዳደሪያ ደንብ ያጸድቃሉ፤ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴና ከእርሱ ነፃ የሆነ የሒሳብ ተቆጣጣሪ ይመርጣሉ። በደንቡ ውስጥ የአባልነት መመዘኛ ሆነው ሊሰፍሩ ከሚገባቸው መካከል ለሞተር ሳይክል የተሰጠ የጸና መንጃ ፈቃድ፣ የባለቤትነት ሊብሬ፣ ለሚሰጠው አገልግሎት የተፈቀደ ታርጋ፣ የታደሰ ቦሎና የመድን ሽፋን ይገኙበታል። ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ተቀምጦ በጥምር ፊርማ ብቻ እንዲወጣ፣ ሒሳቡም በየጊዜው ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ መደንገግ ይኖርበታል።

በተለይ የመድን ጉዳይ ማብራሪያ ያሻዋል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ግዴታ የተደረገ ሲሆን፣ አዋጁ ከአምስት ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል። ስሙ እንደሚያመለክተው መድኑ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተዘጋጀ በመሆኑ፣ በራሱ በአሽከርካሪው ላይ የሚደርሰውን ስብራት ወይም የሥራ ማጣት አይክስም። አብዛኞቹ አሽከርካሪዎች ይህን የሚረዱት ከአደጋው በኋላ ነው። በመሆኑም ከየወሩ መዋጮ ላይ ለአደጋ ጊዜ የሚውል ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ የማኅበሩ ቀዳሚ ተግባር ሊሆን ይገባል። ሕዝቡ በዕድር ያካበተው የመረዳዳት ልምድ ለዚህ በቂ መሠረት ነው።

ማኅበሩ ከተቋቋመ በኋላ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ስለ መቆሚያ ቦታና ስለ ፍጥነት መስማማት፣ ለአባላት ተለይተው የሚታወቁባቸውን ቁጥሮች መስጠትና የጥፋት ቅጣትን በደንቡ መሠረት ማስፈጸም ይችላል። በ1927 ዓ.ም ከተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ማግኘትም ይቻላል። አደጋ በደረሰበት ስፍራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገኘው ሞተረኛ በመሆኑ፣ ደም ማቆምና የተጎዳን ሰው ያለ ጉዳት ማንሳት ማወቁ ሕይወት ያተርፋል።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀውም ቀላል አይደለም። የኅብረት ሥራ፣ የትራንስፖርት፣ የፖሊስና የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች አመልካቹን ከአንዱ ወደ ሌላው ከማመላለስ ይልቅ የሚጠየቁትን ሰነዶች በአንድ ዝርዝር አዘጋጅተው በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጥፉ ውጣ ውረዱ ይቀንሳል። የራሳቸው ሞተር ሳይክል የሚያሽከረክሩ የመንግሥት ሠራተኞችም ሄልሜት በማድረግና ደንብ በማክበር አርአያ መሆን አለባቸው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በተናጠል ሲንቀሳቀስ ለአደጋና ለእገዳ የተጋለጠው ሞተረኛ በማኅበር ሲሰባሰብ መብቱን ለማስከበርም ግዴታውን ለመወጣትም አቅም ያገኛል። ለዚህም አሽከርካሪዎቹ ደንባቸውን በማክበር፣ የሚመለከታቸው አካላትም አደራጅተው ዞር ከማለት ይልቅ ሒሳብን በማስመርመርና ተከታታይ ድጋፍ በመስጠት የየበኩላቸውን ድርሻ ሊወጡ ይገባል።