የቡና ላይ ምክር

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን ተረት መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደ ሆነ ባይታወቅም፣ ቡና ሲፈላ ከጎረቤቶቹ ጋር ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ሰው መሆኑን ግን እኛ አንጠራጠርም። በረከቦቱ ዙሪያ የሚወራው ወሬ ብዙ ነው፤ የሚሰጠውም ምክር ከወሬው አያንስም። ከወሬው ውስጥ መላውን፣ ከምክሩም ውስጥ የሚበጀውን ለይቶ ማውጣት ግን የሰሚው ፋንታ ነው። በዛሬው እሑድ አንባቢዎቻችንን ልናጫውት ያሰብነው ስለዚሁ የጎረቤት ቡናና በቡናው ላይ ስለሚሰጠው ምክር ነው።

አረቢካ የሚባለው የቡና ዓይነት መገኛው የኢትዮጵያ ደን መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ቡና አብቃይ አገሮች አብዛኛውን ምርታቸውን ለውጭ ገበያ ሲያቀርቡ፣ እኛ ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እዚሁ በየቤታችን እንጠጣዋለን። ይህም የሆነው ቡና ለእኛ መጠጥ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሰው ለብቻው ውኃ ይጠጣል፤ ለብቻውም ሻይ ይጠጣል። ነገር ግን ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ እጣን አጭሶ፣ ጀበና ጥዶ ለብቻው ቡና የሚጠጣ ሰው ቢገኝ፣ ጎረቤቶቹ «ምን ሆኖ ይሆን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ቡናው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተቆልቶና ተወቅጦ እስኪፈላ፣ ከዚያም አቦሉ፣ ቶናውና በረካው እስኪጠጣ ድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ለዚህም ነው ጨዋታው የራሱ ሥርዓት ያለው። ቡናው ሲቆላ ሰላምታና የጤና ጥያቄ ነው። አቦሉ ላይ የሰሞኑ ወሬ ይነሣል። ቶናው ላይ ሰው ችግሩን ያወጣል፤ ምክሩም ከየአቅጣጫው ይመጣል። በረካው ላይ ደግሞ ቀልዱ ይጦፍና በምርቃት ይዘጋል። ቸኩሎ አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው ወሬውን ሰምቶ መላውን ሳይሰማ ቀረ ማለት ነው።

እኛ ያደግነው በአዲስ አበባ ከተማ፣ ሰባት ቤተ ሰብ አንድ የውኃ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። በሌላው ቀን ቡናው በየተራ በየቤቱ ይፈላል፤ የእሑዱ ግን በእናታችን ቤት እንዲሆን የተወሰነው እኛ ከመወለዳችን በፊት ነው ይባላል። ከማይቀሩት ሰዎች አንደኛው ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ሁለተኛዪቱ በመስኮታቸው ሥር የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሦስተኛው የማእዘኑ ባለሱቅ ነው፤ እሱ ግን ቡና ሲጠጣም አንድ ዐይኑ ሱቁ ላይ ስለ ሆነ «ግማሹ ሰው» ይባላል። እኛም የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን ጨርሰን ከተመለስን ወዲህ «ምሁሩ» የሚል ስም ወጥቶልን በበሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ እንድንቀመጥ ተፈቅዶልናል።

ሹፌሩና ልብስ ሰፊዪቱ ሃያ ዓመት ያላለቀ ሙግት አላቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊዪቱ በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ለሹፌሩ ሱሪ ሰፍተውላቸው ኖሮ፣ አንደኛው እግር ከሌላው ሁለት ጣት ያህል አጥሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በረካው በተቀዳ ቁጥር ሹፌሩ «አንቺ፣ ያን ሱሪ መቼ ነው የምታስረዝሚልኝ?» ይላሉ። ልብስ ሰፊዪቱም ሳይስቁ «ጋሼ፣ ሱሪው ልክ ነው፤ የረዘመው የእርስዎ እግር ነው» ይላሉ። ይህን ቀልድ እኛ በሕይወታችን ስንት መቶ ጊዜ እንደ ሰማነው አናውቅም፤ ሆኖም አንድ እሑድ ሳይነገር ቢቀር ቡናው ቀጥኖ የወጣ ይመስለናል።

ምክሩ ደግሞ ለሁሉ ነገር አለ። የእንጀራዋ ዐይን አልወጣ ያላት ሙሽራ፣ አብሲቱን በደንብ ማብሰሏን፣ ሊጡንም ኩፍ እስኪል መጠበቋን ትጠየቃለች። የሕፃኑ ሳል አልለቅ ያላት እናት ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ትገፋለች፤ ብር ቢያንሳትም ይዋጣላታል። እኛ ራሳችን ሥራ ፍለጋ በምንንከራተትበት ጊዜ ሹፌሩ «ማመልከቻህን ስታስገባ ቅጂውን ያዝ፤ የተቀበለህም ሰው ቀኑን ጽፎ ቅጂው ላይ ይፈርምልህ» ብለውን ነበር። ከወር በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት «እንዲህ ያለ ማመልከቻ አልደረሰንም» ባለን ጊዜ ያንን ቅጂ አውጥተን ብናሳይ፣ የጠፋው ወረቀት በሩብ ሰዓት ተገኘ። ይህን ያህል የሚጠቅም ትምህርት በአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታችን የነገረን ሰው አልነበረም።

እንግዲህ የጎረቤት ምክር ሁሉ ተራ ወሬ ነው ብሎ መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው። የኮሶ ዛፍ አበባ የኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ አባቶቻችን ያወቁት ጎረቤት ለጎረቤት እየተነጋገረ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም የአውሮፓ ሐኪሞች ይህንኑ ከእኛ አገር ተምረው በመድኃኒት መዝገባቸው ውስጥ አግብተውት ነበር።

ነገር ግን ምክር የሚሰጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ብቻ አይናገርም። ቡና ላይ «እኔ አላውቅም» የሚል ቃል ብዙም አይሰማም። አንዱ ጉሮሮዬን አመመኝ ሲል፣ ሌላው «ከባለፈው የተረፈኝ ኪኒን አለ፤ ሁለቱን ዋጥና ተኛ» ይለዋል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1928 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፔኒሲሊንን ያገኘው ሳይንቲስት፣ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን በታች የሚወስድ ሰው ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን መቋቋም እንዲለምዱ እንደሚያደርግ አስጠንቅቆ ነበር። የተረፈ ኪኒን የሚሰጥ ጎረቤት በደግነቱ አይታማም፤ ደግነቱ ግን ኪኒኑን ልክ አያደርገውም።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ወዳደረገን ነገር እንምጣ።

ጊዜው የ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። በግቢያችን መጨረሻ ባለችው ክፍል፣ ከክፍለ ሀገር መጥታ በአንድ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ተከራይታ ትኖር ነበር። አንድ ዓርብ ማታ ቡና ላይ ብርዱ እንቅልፍ እንደ ነሣት ተናገረች። «ምን ችግር አለው ልጄ» አሉ ልብስ ሰፊዪቱ፤ «ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዪው፤ ጭሱ ጥርግ ብሎ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ወደ ውስጥ አስገቢው። የሚጎዳው ጭሱ ነው እንጂ ፍሙ አይደለም።» ሁሉም «እውነት ነው» አሉ።

እኛ ዝም ማለት አልሆነልንም። ጉሮሯችንን ጠርገን ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ስለ ሄሞግሎቢንና ስለ ኦክሲጅን እንደ መምህር ማስረዳት ጀመርን። ሹፌሩ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ይኸ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ያመጣው ከሰል መፍራት ነው እንዴ?» ሲሉ ቤቱ በሣቅ ተሞላ። እኛም ተቀየምን። «ምን አገባን» ብለን ቡናችንን ጨልጠን ወጣን። ያችን ልጅ ለብቻዋ ጠርተን «እኅቴ፣ ከሰል አስገብተሽ፣ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ» ማለት አንድ ትንፋሽ ብቻ ይፈጅ ነበር። አላልናትም።

እሑድ ጠዋት ቡናው ተቆላ፤ ተወቀጠ፤ ፈላ። እናታችን እንደ ልማዷ ስኒዎቹን በሰዎቹ ቁጥር ደርድራ ቀዳች። አቦሉ ሲታደል አንድ ስኒ ባለቤት አጥቶ ረከቦቱ ላይ ቀረ። «ያቺ ልጅ የቡናው ሽታ ሲመጣ በሩጫ ነበር የምትደርሰው፤ ዛሬ ምን ነካት?» አሉ ሹፌሩ። ባለሱቁ «እሑድ ነው፤ ትተኛ» አለ። እናታችን ግን ስኒው ሲቀዘቅዝ አይታ «የለም፣ ሂዱና ጥሯት» አለች።

ልብስ ሰፊዪቱ ሄደው አንኳኩ፤ መልስ የለም። ጫማዋ ደጁ ላይ ነው፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከዚያ በኋላ የሰማነው የልብስ ሰፊዪቱን ጩኸት ነው። ሹፌሩ በዚያ እድሜያቸው በሩን በትከሻቸው ሰበሩት። ልጅቱ በአልጋውና በበሩ መካከል ወድቃ፣ አስመልሷት፣ ቃል መናገር አቅቷት ተገኘች። ብርዱ እንዳይገባ በበሩ ሥር ጨርቅ ወትፋበታለች፤ ፈርኔሎው ከአልጋዋ አጠገብ ነው፤ ከሰሉም አመድ ሆኗል። ተሸክመን ወደ አየር አወጣናት፤ በታክሲም ወደ ሕክምና አደረስናት። ኦክሲጅን ተሰጥቷት በማግሥቱ ማታ በእግሯ ተመለሰች።

ዓርብ ማታ በትልልቅ ቃል የሸፈንነውን ነገር ዛሬ በቀላሉ እንናገረው። ከሰል ሲነድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛም አየር ይወጣዋል። ይህ አየር ከጭሱ ጋር አብሮ አያልቅም፤ የቀላ ፍምም ያወጣዋል። ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል፤ ደምን የሚይዝበትም ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ከዚያም ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ጉልበት ይከዳል። የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። መከላከያው ከሰሉን ደጅ መተው ነው። ቤት ውስጥ ራሱን ያመመውና ያዞረው ሰው ሲገኝ ደግሞ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት እሑድ ሙሉ ቡናው ያለ ቀልድ ተጠጣ። ልብስ ሰፊዪቱ ለልጅቱ በየቀኑ አጥሚት ቢያመላልሱም ቡና ላይ ግን አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጡ ነበር። የሱሪው ነገር አልተነሣም። እኛም በበርጩማችን ላይ ሆነን፣ እሳቸው ባለማወቅ ከተናገሩት ይልቅ እኛ እያወቅን ዝም ያልነው እንደሚከብድ እናስብ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርንም። በአራተኛው እሑድ ልጅቱ ራሷ በረካዋን ተቀብላ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ምክርዎ በመርፌና በክር ላይ ብቻ ይሁንልኝ» አለች። ማንም ለመሣቅ አልደፈረም። ሹፌሩ ቀስ ብለው «ሱሪንም አይጨምር!» ባሉ ጊዜ ግን ልብስ ሰፊዪቱ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሣቁም አለቀሱም። እኛም ያን ጊዜ የዓርቡን ጥፋታችንን ተናገርን። ሹፌሩ አዳምጠው ሲያበቁ «እኔም ስቄብሃለሁ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። አሁን በግቢያችን ማንም ሰው ከሰል ይዞ በር አይዘጋም፤ ይህንንም ሕግ ለአዲስ ተከራይ የሚነግሩት ልብስ ሰፊዪቱ ናቸው።

ከዚህ ነገር እኛ የተማርነው ሁለት ነው። 1ኛ፤ መካሪ የሆነ ሰው ያየውንና የሰማውን ለይቶ ይናገር፤ ባላወቀውም ነገር «ሐኪም ይጠየቅ» ማለትን አይፈር። 2ኛ፤ የተማረ ሰው እውቀቱን ሰው በሚሰማው ቋንቋ ይናገር፤ ቢሣቅበትም አይቀየም። በቀልድ የተመለሰ ምክር ነገ ተመልሶ ሊነገር ይችላል፤ በኩርፊያ የተዋጠ ምክር ግን ለማንም አይጠቅምም።

ከሁለቱም የሚበልጠው ግን የስኒው ነገር ነው። ያችን ልጅ ለአደጋ ያበቃት የቡና ላይ ምክር ነው፤ ከሞት ያተረፋትም ያው ቡና ነው። ዘመዶቿ ሩቅ አገር ናቸው። አሠሪዋ መቅረቷን የሚያውቀው ሰኞ ነበር። እሑድ ጠዋት መጉደሏን ያወቀ፣ ስኒዎቹን የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ የከተማችን ነዋሪ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ገብቷል። ውኃው በየቤቱ ነው፤ መጸዳጃውም በየቤቱ ነው፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ከግቢያችንም ሁለት ቤተ ሰብ ወደዚያው ተዛውረዋል። ከመካከላቸው አንዲቱ እናት ባለፈው ጊዜ ሊጠይቁን መጥተው «ሁሉ ነገር ደግ ነው፤ ግን ከጎኔ ያለው በር የማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉ። እናታችንም «ቡና አፍዪና አንኳኪ፤ አንድ ስኒ አትርፈሽ ቅጂ» አለቻቸው። በሚከተለው ወር ሲመጡ ከጎናቸው የምትኖረውን ወጣት ሚስት ይዘው መጡ።

አንባቢያችን ሆይ! ዛሬ እሑድ ነው። ከጎረቤት «ኑ ቡና ጠጡ!» የሚል ድምፅ ከሰሙ ሥራ አለብኝ አይበሉ። ቡናው በእርስዎ ቤት ከሆነም ከመቅዳትዎ በፊት ስኒዎቹን ይቁጠሩ፤ የጎደለ ሰው ቢኖርም ልጅ ልከው ያስጠሩት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነውና።