የቦረና ከብት ጠባይና ለሰበካ የማድለብ ሥራ ያለው ጠቀሜታ

የሰበካ ጉባኤያት በራሳቸው ገቢ ለመቆም ከሚመርጧቸው የልማት ሥራዎች አንዱ በሬ ማድለብ ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ የምእመናን አሥራትና መባ እንደ መሆኑ መጠን፣ የሚገዛውን ከብት ዘርና ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ የአደራ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በሥጋ ምርቱ የታወቀውን የቦረናን ከብት በአጭሩ እናስተዋውቃለን።

የዘሩ መገኛ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የቦረና ቆላ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ኬንያና ወደ ሶማሊያ ተስፋፍቷል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1951 የአርቢዎች ማኅበር ተቋቁሞለት በምርጫ ተሻሽሏል፤ ሽሉም በቅዝቃዜ ተጠብቆ እስከ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ተሻግሯል።

መልኩ በአብዛኛው ነጭ፣ አመድማ ወይም ቡላ ሲሆን፣ የኮርማው አንገትና ትከሻ ጠቆር ይላል። ሻኛው ትልቅ፣ ቀንዱ አጭር፣ ከጉሮሮው ሥር የሚንጠለጠለው ቆዳ ሰፊ ነው። አጭሩ ጸጉርና ልል የሆነው ቆዳ ሙቀትን ለመቋቋም ይረዱታል። ጥጃው ሲወለድ ክብደቱ 25 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ ላሟ በወሊድ ብዙ አትቸገርም። አርቢዎቹ ራሳቸው ዘሩን በሁለት ይለዩታል፤ ግዙፉን ቆርቲ፣ አነስ ብሎ ችግር የሚችለውን ደግሞ አዩና ይሉታል። ለማድለብ የሚመረጠው ቁመቱና አጥንቱ ሰፋ ያለው ነው።

ስለዚህ ከብት በሰፊው የሚነገረው ውኃ ጥም መቻሉ ነው። በበጋ ወራት አርቢዎቹ ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች በየሦስተኛው ቀን ያጠጡታል፤ እርሱም ረጅም መንገድ ተጉዞ ይመለሳል። ነገር ግን ይህ የመኖር ብልሃት እንጂ የመድለብ ምክንያት አይደለም። ውኃ ያጣ ከብት መኖ ይቀንሳል፤ መኖ የቀነሰም ሥጋ አይጨምርም። ስለዚህ በደጀ ሰላሙ አጠገብ የሚደልብ በሬ በየዕለቱ ንጹሕ ውኃ ማግኘት አለበት። ቻይነቱም ወሰን አለው፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ በተደጋጋሚ በጠፋበት ጊዜ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቋል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የቦታ ጉዳይ ነው። የቆላ ዝንብ ባለባቸው ሸለቆዎች ይህ ዘር በገንዲ በሽታ ይጠቃል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚገኙ ሰበካዎች በሽታውን የተሻለ የሚቋቋሙትን፣ እንደ ሸኮ ያሉ የአካባቢ ዘሮችን ቢመርጡ ይሻላል።

ገዢው ኮሚቴ ደረቱ ሰፊ፣ ጀርባው ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ የጠራ ወይፈን ይምረጥ። የከሳ መሆኑ አያስፈራም፤ የታመመ መሆኑ ግን ያስፈራል። ከብቱ እንደ ገባ ለብቻው ቆይቶ የትል መድኃኒት ይሰጠው፤ የአባሰንጋና የአባጎርባ ክትባትም በእንስሳት ሐኪም ይከተብ። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ በአንድ ቀን አይጨመርለትም፤ ሆዱ እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ከጭድና ከድርቆሽ ጋር ይሰጠዋል።

የማድለቢያው ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ለፋሲካ ገበያ የሚያስብ ሰበካ የመኸር ገለባ ሳያልቅ፣ በጥር ወር ቢገዛ ይመረጣል። በዐቢይ ጾም የሥጋ ፍላጎት ስለሚቀንስ፣ ከብቱ ቀድሞ ደልቦ በጾሙ መካከል መሸጥ እንዳይገደድ ቀኑን መቁጠር ያስፈልጋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር አደራ እንላለን። የቆላ ሰበካዎች ንጹሑን ዘር ከሌላ ጋር ሳይቀላቅሉ፣ በተለይም ጊደሮቹን ለእርባታ ቢያቆዩ መልካም ነው። በድርቅ የተመናመነው መንጋ የሚተካው ከእነርሱ ማኅፀን ነውና። የደጋ ሰበካዎችም ለማድለብ ወይፈን እንጂ ጊደር አይግዙ።