ሰባት ቤት ሲቆጠር የሚጠፋ የካፋ ስም

በአገራችን ሥርዓት የሚጋቡ ወጣቶች ዝምድና እንዳያገኛቸው እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ ሐረገ ትውልዱን ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያያዘ የሚወጣ ወጣትም፣ አንዳንድ ጊዜ በአራተኛው ቤት ላይ ድንገት ይቆምና፣ አባት እየተባለ ሲጠራ የኖረው ሰው ወላጅ ሳይሆን ጌታ እንደ ነበረ ይደርስበታል። ያን ጊዜ የቤቱ አሮጊት «ተወው ልጄ፣ ይህ አይነሣም» ይላሉ።

የዚህ ዝምታ አንዱ ሥር የካፋዋ ከተማ ቦንጋ ናት። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋን መንግሥት ሲወጋ፣ ሚኪሬቾ በተባለው ሸንጎ ምክር አገር ይገዙ የነበሩት ታቶ (ንጉሥ) ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በደን ተሸሽገው ሲዋጉ ቆይተው ተማረኩ፤ ወደ ሸዋም ተወስደው በግዞት ሞቱ። የነገሥታቱ ዝክረ ነገር አልጠፋም፤ በ1897 ዓ.ም. ካፋ የገባው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ስለ አገሩ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጽፎአል። ከንጉሡ ውድቀት በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ከየቀያቸው እየተነቀሉ በባርነት የተጋዙትን ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ስም ሰብስቦ የጻፈ አልነበረም።

ከጌታዋ ቤት የደረሰች የካፋ ልጅ ክርስትና ስትነሣ አዲስ ስም ይወጣላታል፤ በአባቷም ስፍራ የጌታዋ ስም ይገባል። በእኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነውና፣ አንድ ትውልድ ካለፈ ወዲያ የልጅን ስም ከሎሌ ስም የሚለይ ምልክት አይገኝም። ለእኔ ይህ ከእግር ብረት የከፋ ነው፤ እግር ብረት ቢያንስ ይታያል።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን የሚገታ አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ፈጽሞ ተሻረ። አዋጁ ሰውን ነፃ አወጣ፤ «የባሪያ ዘር» የሚለውን ስድብ ግን ከሠርግ ቤትና ከማኅበር ሊያስወጣ አልቻለም። ስለዚህ እናቶች ልጆቻቸው እንዳይናቁባቸው ሀገረ ልደታቸውን ደበቁ፤ ይህን ያደረጉት ከፍቅር ነውና የሚወቅሳቸው ሊኖር አይገባም።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቦ የዱር ቡናው ዘር በሊቃውንት ሲመረመር፣ ከዚያው ደን የተነቀለች ሴት የልጅ ልጅ ቦንጋ ወርዶ ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ፣ አስቀድሞ የሚመለስለት «ጎሣህ ማን ይባላል?» የሚል ጥያቄ ነው፤ እርሱም የሄደው ይህንኑ ሊጠይቅ ነው። መልሱ በሽማግሌዎች አፍ ብቻ አይገኝም። በየአድባራቱ ተቀምጠው ሊገኙ የሚችሉ የክርስትና መዛግብትና በአዋጁ ዘመን የተሰጡ የነፃነት ወረቀቶች ተሰብስበው፣ ተገልብጠው፣ ከካፋ ጎሣዎች የቃል ትውፊት ጋር ሊመሳከሩ ይገባል፤ ሥራውንም ለመጀመር ከቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የሚቀርብ የለም።