ቁጥር ብቻ ጠርቶ መቀመጥ

የመጋዘን ኪራይ ክርክር ነበር። የተከራዩ ጠበቃ ተነሥቶ «የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448፤ ውሉ በአዋዋይ ፊት አልተመዘገበምና አይጸናም» አለና ተቀመጠ። ችሎቱም ተቀበለው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ያበሽቀኛል። መዝገቡ የቤት ሽያጭ ነው። በእሱ የተተረጎመው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ባለሀብትነትን፣ አላባን፣ መያዣንና የመሳሰለውን ይጠራል እንጂ ኪራይን አይጠራም። ጠበቃው የያዘው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ከሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ላይ የተነሣ፣ በቢጫ ቀለም የተሰመረበት አጭር መግለጫ። ፍሬ ነገሩም ሐተታውም የለበትም።

በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ከወጣ ወዲህ የሰበር መዝገብ እንደ ሎተሪ ዕጣ ይጠራል። አዋጁ ያስገድዳል ያለው ግን የሕጉን ትርጉም ነው፤ የማሸነፉን ወሬ አይደለም። ትርጉሙ ደግሞ ከነፍሬ ነገሩ ካልተነበበ የት ድረስ እንደሚሄድ በምን ይታወቃል?

ባለጉዳይማ ይባስ። «ጎረቤቴ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ረትቷል፤ እኔስ ለምን እሸነፋለሁ?» ይለኛል። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርድ ሌላውን ችሎት አያስርም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የይግባኝ ችሎት ፍርድም ቢሆን፣ ትልቅ ክብደት አለው እንጂ፣ በአዋጁ አስገዳጅ አልተባለም። የሚያስገድደው የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው ትርጉም ነው፤ እሱም የክልል ፍርድ ቤቶችን ጭምር።

ከሁሉ የሚያደክመኝ «ሰበር አጽንቶታል» የሚባለው ነው። መዝገቡ ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳኞች አጣርተው «አያስቀርብም» ብለው የዘጉት ሆኖ ይገኛል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አልታየም ማለት ነው፤ ሕግ ተተረጎመ ማለት አይደለም። ይህን ስናገር ባለጉዳዩ ጠበቃው የከዳው ያህል ቅር ይለዋል። ባልደረቦቼም እንዲህ ያለውን መዝገብ በአቤቱታ ላይ ሲጠቅሱት አይቻለሁ፣ ያውም በደማቅ ፊደል።

ቁጥሩ ትክክል፣ ፍሬ ነገሩም ተመሳሳይ ቢሆን እንኳ ገና አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ አሁንም ይሠራል ወይ? ድሮ አምስቱ ዳኞች በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም መስጠት ይችሉ ስለነበር፣ በአንድ ነጥብ ላይ ሁለት የማይገጥሙ መዝገቦች ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ለውጡን ለሰባት ዳኞች ሰጠው። ስለዚህ መዝገብ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ቀኑንና የተሰየሙትን ዳኞች ቁጥር ነው። ባለጉዳዩ ግን ቆሞ የሚጠብቀኝ «ታዲያ ረታን?» እያለ ነው።