ለቦርከና ማን ይመስክር?

ከደሴ አፋፍ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ የሚወርደው ቦርከና፣ የከተሞቹን ጥራጊና የጨርቃ ጨርቁን፣ የቢራውን፣ የቆዳውን ፋብሪካ ፍሳሽ እየተቀበለ፣ ገበሬው መስኖ ወደሚጠልፍበት፣ የአፋር ከብት ሳይቀር በበጋ ወደሚሰማራበት ወደ ጨፋ ረግረግ ሲገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በውሃው ምክንያት የተነሣው ሙግት ግን፣ ወሰኑን የሚያውቅ ሽማግሌ እንደ ሞተበት የርስት ክርክር፣ እልባት ሳያገኝ ይኖራል።

የውሃ መርማሪዎች ከቆዳ ፋብሪካው በታች ክሮሚየም መብዛቱን ጽፈዋል። ይሁን እንጂ መርማሪው የሚነግረን ዛሬ የቀዳውን ነው፤ ፋብሪካዎቹ ሳይተከሉ በወንዙ ምን ዓሣ፣ በዳርቻው ምን ዕፅ እንደ ነበረ ሊመሰክር የሚችለው፣ ያን ጊዜ ተሰብስቦ የተቀመጠ ናሙና ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር ራትክሊፍ የተባለ ሊቅ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰብሳቢዎች ቀድሞ ለቅመው ያኖሯቸውን የአዳኝ አዕዋፍ እንቁላሎች ከአዲሶቹ ጋር አስተያይቶ፣ ቅርፊቱ መሳሳት የጀመረው ዲ.ዲ.ቲ. (እኛም ወባን ለማጥፋት በየቤታችን ያስረጨነው) በተስፋፋበት ዘመን መሆኑን ሲያሳይ፣ እነዚያ ሰብሳቢዎች ሳያስቡት ለፍርድ የሚበቃ ማስረጃ አኑረው ተገኙ።

ወሎ ግን ለሳይንስ ሰጥታ ለራሷ ያላስቀረች አገር ናት። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር ስትገኝ ቦታው የወሎ ግዛት ነበረ፤ 8 ቅጽ የሞላው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም የወሎን ደጋ ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ ቢቈጥረውም፣ መጽሐፉ ከተመሠረተባቸው የደረቁ ዕፀዋት ብዙዎቹ የሚገኙት በአራት ኪሎ ነው።

በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የተቋቋመው የደሴ ቤተ መዘክር በ2014 ዓ.ም. ጦርነት መዘረፉን አንሥቶ፣ «እንኳንም አዲስ አበባ ተቀመጡ» የሚል ቢኖር፣ አነጋገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን የዕፀዋት ሊቃውንት ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ ቈርጠው፣ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን ባሕር ማዶ የማኖር ልማድ ያላቸው ይህን የመሰለውን መዓት አስበው ጭምር ስለ ሆነ፣ ደሴም ከሚደርሳት ድርሻ የምትከለከልበት ምክንያት የለም። ለዚህም ታላቅ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናት ከቦርከና፣ ከሐይቅና ከየጎፍ ደን የሚሰበስቡትን ዓሣ፣ ነፍሳትና ቅጠል፣ የተያዘበት ቀንና ስፍራ ተጽፎበት፣ ቤተ መዘክሩ በጠርሙስና በወረቀት ቢረከብ ለጅምሩ ይበቃል።