ካርዱ አገር ቤት ነው

ሕንፃ ላይ የሚሠሩ ወጣቶች ወደ ክፍሌ ሲገቡ ሕመማቸውን አያስቀድሙም። ገና ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ ስንት ይፈጃል?» ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በጤና መኮንንነት በማገለግልበት ጤና ጣቢያ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለም።

ባለፈው ክረምት የመጣው ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቅንድቡ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ አለ፤ ሲተነፍስ ጎኑን ይይዛል። ማሳል ከጀመረ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው፤ የሳንባ ምች ይዞታል። «ለምን ቆየህ ወንድሜ?» አልኩት። «የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ከቀረሁ አይከፈለኝም» አለኝ። የመድኃኒቱን ዋጋ ሲሰማ ደግሞ «ለአሁኑ ግማሹን ልውሰድ?» ብሎ ለመነኝ። ግማሽ መድኃኒት ግን በሽታውን ያዳፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እህቱ በቴሌግራም የላከችለትን ፎቶ አሳየኝ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርድ ነው፤ የዓመቱ እድሳት ማኅተም ተመትቶበታል፤ ከቤተሰቡ ስም ዝርዝር መጨረሻ ላይ የእሱም ስም አለ። «አባቴ ለእኔም ጨምሮ ከፍሎልኛል፤ እዚህ አይሠራም?» አለኝ። አይሠራም። የአገር ቤቱ ወረዳ ውል የያዘው ከአካባቢው ጤና ተቋማት ጋር ነው።

ይህ መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር የታሰበው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነበር። መዋጮው በቤተሰብ ይሰበሰባል፤ አቅም ለሌለው መንግሥት ይከፍላል። ሥራ የጀመርኩት ገጠር ስለነበር ጥቅሙን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ትኩሳት በጀመራቸው ማግስት ያመጡልን ነበር። የገንዘቡ ጭንቀት ሲነሣለት ሰው በጊዜው ይመጣል።

ለደመወዝተኛው፣ እሱና አሠሪው እያዋጡ ሕክምናው የሚሸፈንበት የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ፤ ለዓመታት ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ውልም የደመወዝ መዝገብም የለውም። በከተማው የማኅበረሰብ መድህን ልግባ ቢል የነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ከአራት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚያድር ልጅ ይህን ከየት ያመጣል?

እኔ የምለው መድህኑ ሰውየውን ይከተለው ነው። ልጁ ለሥራ በሄደበት ከተማ ያለ ጤና ጣቢያ ያክመው፤ ሒሳቡን ከወረዳው ጋር ያወራርድ። ማንነቱን ለማረጋገጥ የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር አለ። የከተማ ሕክምና ወጪ ለገጠሩ የመድህን ቋት ይከብዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን ልጁ በሚሠራበት ቦታ፣ ከሳምንት ክፍያው ላይ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ያሟላ፤ ሥራ ተቋራጩም የድርሻውን ይጨምር። ጉልበቱን የሚገዛው እሱ ነውና።

ያን ዕለት የጎደለውን እኔና ባልደረቦቼ አዋጥተን መድኃኒቱን ሙሉውን ይዞ ሄደ። ከበር ላይ ዞሮ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲለን ደስ አላለኝም። አባቱ ከእኛ ቀድመው አዋጥተውለት ነበር።